ከውሃው ሥር የቆሙ ሰዎች

ኡማ ሊንጋይ፣ አዲሱ ሰፈር
ሳራዋክ፣ ማርች 12 ቀን 2014

ልጄ ዴቩንግ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፦ እናትሽ በሕይወት አለች። ሹፌሩ ቱጋንግ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥሽ ሌላ ነገር ቢነግርሽ አትመኚው፤ ቱጋንግ የሰማውን ሁሉ ሳይጨምርበት አያደርስም። ታማለች፣ እግሯም አብጧል። ግን አለች፤ ይህን ስጽፍም አጠገቤ ተቀምጣ "አሁን ደግሞ ምን አሉ?" እያለች ትነዘንዘኛለች።

ይህን ካወቅሽ ወደ ጥያቄሽ ልለፍ። የቤታችን ሸንጎ በሥዕልሽ ላይ ያቀረበውን ክስ፣ ስለ እኛ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ እንዲገባው አድርጌ እንድጽፍልሽ ለምነሽኛል፤ ሥዕሉ ለተሰቀለበት አዳራሽ ባለቤት ለወይዘሮ ቴንግ ልታነቢላት። ስለዚህ የምታውቂውን ስደግምልሽ ታገሺኝ። ይህን ክፍል የምጽፈው ለእሷ ነው።

እኛ ካያኖች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ረጅም ቤት ውስጥ በር ለበር ተያይዘን እንኖራለን። የቤቱ አለቆች ከአንድ ዘር ይወጣሉ፤ ማረን ይባላሉ። የቀረው ሰው ተራ ነው። ሙሉ ሰው፣ ማለትም ራስ፣ እጅና እግር ያለው ሰው፣ በግድግዳ፣ በልጅ ማዘያ ወይም በመቃብር ሰሌዳ ላይ የሚሳለው ለማረን ብቻ ነው። ለተራ ሰው የሚሳልለት ጥምዝምዝ ሐረግ ነው። ተራ ሰው ይህን አልፎ ሙሉ ሰው ከሳለ በሽታ በገዛ ቤተሰቡ ላይ ይወርዳል ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ከመጣች ወዲህ ብዙ ነገር ቀርቷል። ይህ ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ከላይ አሮጌ ሰፈራችንን ውሃ ያስዋጠው የግድብ ግንብ አለ፤ ቢጫ ሄልሜት ያደረገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሪባን ይቆርጣል። ከሥር ቡናማ ውሃ ነው። ከውሃው ሥር አሮጌው ቤታችንና መቃብሮቹ አሉ። በተራ ሰዎች መቃብር ላይ ሁሉ አንድ አንድ ሙሉ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። በአለቃው መቃብር ላይ ግን ሐረግ ብቻ አለ።

የከተማው ሹማምንት የተቆጡት በሄልሜቱ ነው። የእኛ ሰው ሄልሜቱን አላየውም ብልሽ አትገረሚም። ላዋይ በረንዳው መሃል ተቀምጦ ፎቶውን በስልኩ ሲያሳይ የሰው ሁሉ ዓይን በቀጥታ የወረደው ወደ መቃብሮቹ ነው። (ለወይዘሮ ቴንግ፦ ላዋይ የአሁኑ የቤታችን አለቃ፣ የወንድሜ ልጅ ነው። እኔም ከማረን ዘር ነኝ። ዴቩንግ ከተራ ቤት፣ የሟቹ የጆክ ልጅ ናት።)

"አጎቴ፣ ይህችን ልጅ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት" አለኝ።

"ያስተማርኳት ክፍልፋይ ነው" አልኩት።

"እሱማ ገብቷታል! ለአያቴ ጥምዝ፣ ለጆክ ሙሉ ሰው! ጆክ ማን ነበር? የአያቴን ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው!"

ባልቴቷ ሂንጋን ከጥግ ሆና ባቄላዋን እየፈለፈለች "እኔን ያስከፋኝ ሌላ ነው" አለች። "የእኔን ባል ለምን አሳጠረችው? ኖሮም አጭሩ ሲሉት ኖሩ፤ ሞቶም ይህችን ታክል ይቁም?" ሰው ሳቀ። ላዋይ አልሳቀም።

እኔም ተነሥቼ አንድ ነገር ብቻ ተናገርኩ። ውሃው ከመምጣቱ በፊት የአባቴ፣ ማለትም የላዋይ አያት፣ አፅም ወጥቶ ወደ አዲሱ ሰፈር መጥቷል። የተራዎቹ ግን ጊዜ አልበቃም ተብሎ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ የአለቃው መቃብር ዛሬ ከውሃው ሥር ባዶ ነው። ዴቩንግ ሰው ያለበትን ሰው አድርጋ፣ ባዶውን ባዶ አድርጋ ሳለች። "ስህተቷን አሳዩኝና እኔ ራሴ አርማታለሁ" አልኳቸው። ማንም አላሳየኝም። ፍርዱ ግን ተሰጠ፦ ሙታኑን ከሥዕሉ ካላጠፋሽና ቤቱን በአሳማ ደም ካላነጻሽ የቤቱን መግቢያ መሰላል አትረግጪም። እስከዚያ ድረስ ከእናንተ በር የሚሞት ሰው በመቃብሩ ረድፍ ውስጥ አይገባም።

ይህን የመጨረሻውን ሳልጽፍልሽ ልተወው አስቤ ነበር። ግን ክሱን ሙሉውን ነው የጠየቅሽኝ።

እናትሽ ደጋግማ ሰላም ትልሻለች። ከታች ያለው ሰማያዊ ምልክት እንደወትሮው የአውራ ጣቷ አሻራ ነው።

አስተማሪሽ ሊሃን ባላን


ኩቺንግ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2014

የተከበሩ አስተማሪዬ፣ ቺክጉ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ለወይዘሮ ቴንግ አነበብኩላት። ስጨርስ "እኛ እኮ ሁላችንም ሄልሜቱን ነበር የምናየው" አለችኝ።

ስለ እኔ አይስጉ። ፖሊሶቹ አልመቱኝም። ክፉም አልተናገሩኝም። ስልኬንና መታወቂያዬን ግን ወስደዋል፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጣቢያ ቀርቤ እፈርማለሁ፤ ከከተማው መውጣት አልችልም። ለዚህ ነው በደብዳቤ ያስቸገርኩዎ። የጠየቀኝ መርማሪ ጨዋ ሰው ነው። የሥዕሉን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንዲህ ተባባልን፦

"ይህ ሰው ማን ነው?"

"ጀርባ ነው።"

"የማን ጀርባ?"

"እርስዎ ማንን መሰለዎት?"

ቀና ብሎ በሩን አየ። "ጠያቂው እኔ ነኝ" አለ። እኔ የማንንም ጀርባ አልሳልኩም፣ ቺክጉ። ግን ይህን ያህል ሰው አንድን ጀርባ ወዲያው ካወቀው፣ እኔ ምን ላድርግ?

ሥዕሉ አሁን አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ አልብሰውታል። ወይዘሮ ቴንግ ሄልሜቱን በውሃው ቀለም ሸፍኜ ይቅርታ ብጽፍ ነገሩ ሊበርድ ይችላል ትለኛለች። ለእኔ አዝና ነው የምትለው፤ አዳራሿም ሊዘጋባት ይችላል። ሌሊቱን በሙሉ አሰብኩበት። የከተማውን ሰው የሚያስቀይመውን ላጥፋ፤ የቤታችንን ሰው የሚያስቀይመውንም ላጥፋ። የሚቀረው ውሃው ብቻ ነው።

እንዲህ ብዬ አሁን ትልቅ ነገር የተናገርኩ እንዳይመስልዎ። ለሄልሜቱ ግድ የለኝም። ከፈለጉ ዛሬውኑ ይጥፋ። ለላዋይ ቁጣም ግድ የለኝም። የያዘኝ የእናቴ ነገር ነው። እዚህ ያለ ሐኪም እግሯ ያበጠው በልብ ይሁን በኩላሊት ሳያያት መናገር እንደማይችል ነገረኝ። ቤት ያለው ሰው ግን ምክንያቱን ሳያያትም እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ሂንጋን እንኳ፣ እየቀለደችም ቢሆን፣ በልቧ "የልጇ እጅ ነው" ትላለች። እናቴም እንደዚያ ካመነች፣ እኔ በሳልኩት ሰው ምክንያት እየሞትኩ ነው ብላ ካሰበች፣ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቀን በቀለም እሸፍነዋለሁ። ከሞተችም በኋላ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ብቻዋን እንድትተኛ አልፈልግም። አባቴ ያለበትን ያውቃሉ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሥዕሉን በስልክ ያሳዩዋት። ጥሩ ብርሃን ባለበት፣ ሰው በሌለበት። ከዚያ ይጠይቋት፦ ዴቩንግ ይህን ታጥፋው? የምትለውን እንዳለችው ይጻፉልኝ። አያሳምሩልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ
ዴቩንግ ጆክ


ኡማ ሊንጋይ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2014

ልጄ ዴቩንግ፣

ጤናዬን ስለ ጠየቅሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል፣ ሌላው ደህና ነው። ከፋሲካ በፊት ልጽፍልሽ ነበር፤ ቱጋንግ መኪናው ተበላሽቶበት ከዘይት ዘንባባው እርሻ ወዲህ ሳይወጣ ቀረ።

ያዘዝሽኝን አደረግሁ። የሂንጋንን ስልክ ተዋስኩ፤ የእሷ ሰፋ ያለ ነው። ሌሎቹ ወደ እርሻ በወረዱበት ጠዋት፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እናትሽን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳትና ሥዕሉን አሳየኋት። የተባባልነውን ሳላሳምር ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ስልኩን በተነቀሰ እጇ ይዛ አራቀችው፣ አቀረበችው። "ይሄ ሁሉ ጭቃ ምንድን ነው?" አለች።

"ውሃው ነው" አልኳት።

"ውሃ እንዲህ አይደለም። ጥዋት ጥዋት አረንጓዴ ነበር።" ከዚያ ጣቷን በመስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ ሥዕሉ ሳይታሰብ ሰፋ፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። እንዴት እንደሚሰፋ አሳየኋት። ወዲያው ለመደችው። አንድ በአንድ እየሄደች ስማቸውን ትጠራ ጀመር። ማን ማን እንደሆነ እኔ ሳልነግራት ነው። "ይቺ ቡላን ናት፤ አንገቷን አያዩትም? ይሄ የሂንጋን ባል፤ አላሳጠረችውም፣ እንደዚሁ ነበር።" ከዚያ ጣቷ አንድ ሰው ላይ ቆመ።

አባትሽን አግኝታው ነበር። መጋዝ የወሰደበትን ጣት አይታ አወቀችው።

"ወፈረ" አለች። "ምን እየበላ ነው እዚያ?"

ሳቀች፤ ሳሏ እስኪመጣ ሳቀች። ውሃ አጠጣኋትና ጥያቄሽን ጠየቅኋት። በሽታዋ ከሥዕሉ የመጣ ይመስላት እንደሆነም አብሬ ጠየቅኋት፤ አንቺ የፈራሽው እሱን ስለሆነ ልዘለው አልፈለግሁም። መልሷ ይኸው፦

"እሱን አላውቅም፣ ቺክጉ። ሊሆን ይችላል። ድሮ ሰዎች ያለምክንያት አልከለከሉም። ግን ከዚህ በሽታ በፊት ደግሞ ምን ነበረኝ? ጆክን ትቼው ነው የመጣሁት። ዕቃ ጫኑ አሉኝ፣ ድስት ጫንኩ፣ የነሐስ ደወሉን ጫንኩ፣ ዶሮ ጫንኩ። እሱን እዚያ ትቼው መኪናው ላይ ወጣሁ። ውሃው ሲወጣበት አላየሁም። አንዴ ሰጥሟል። ልጁ ዳግም አታስምጠው በሏት።"

ይህ ነው መልሷ። አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሙታኑን አታጥፊ ማለቷ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ግልጽ ባይሆን ደግሜ እጠይቃት ነበር።

ላዋይን አነጋግሬዋለሁ። ስለ ረድፉ የተሰጠውን ፍርድ እንዲያነሣው ጠየቅሁት። "ሥዕሉ ሲነሣ" አለኝ። የሥዕሉ ነገር አሁን በከተማው ሰዎች እጅ እንደሆነ ነገርኩት። "እንግዲያው ጉዳዩ በእኔ እጅ አይደለም፣ አጎቴ" ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም። ግን ደግሞ ማታ በሩቅ ቆሞ የእናትሽን በር ሲመለከት አይቼዋለሁ፤ ሳይገባ ተመለሰ።

ስለ ምግቧ ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል፦ ትናንት የሩዝ ገንፎ ቀምሳለች። የላክሽው መድኃኒት ደርሷል።

የማኅተሙ ቀለም ስለደረቀ በዚህ ደብዳቤ ላይ የእናትሽ አሻራ የለም። ይቅርታ ትጠይቅሻለች።

አስተማሪሽ ሊሃን


ኩቺንግ፣ ሜይ 6 ቀን 2014

ቺክጉ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።

በእርስዎ ቤት ቀለም ደርቆ አያውቅም። ወንዙ ሞልቶ መጽሐፎቻችንን ሁሉ በጭንቅላታችን ተሸክመን ስንሻገር እርስዎ የቀለሙን ብልቃጥ በሁለት እጅዎ ይዘው ነበር የሚሻገሩት። ጉዳዩ የቀለም አይደለም። "ቀምሳለች" ብለውም ጻፉ። "በላች" አላሉም።

ሰኞ ጣቢያ ስቀርብ ቤቴ ደርሼ እንድመለስ ፈቃድ ጠየቅሁ። መርማሪው ራሱ ማመልከቻዬን ይዞልኝ ወደ አለቆቹ ገባ። ሲወጣ ፊቱን አይቼ አልጠየቅሁትም። ጉዳዬ ለፍርድ ቤት ተመርቷል፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ በጁላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከከተማ መውጣት የለም። ሥዕሉንም ከአዳራሹ ጠቅልለው ለማስረጃ ወስደውታል። አንድም ነገር ሳያጠፉበት፣ ሙታኑም ሄልሜቱም እንዳሉ። የት እንደሚያስቀምጡት አላውቅም። እርጥበት እንደሚያበላሸው ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

እናቴ ምን ሆነች? ያዘዘችዎትን አውቃለሁ፤ "አትንገሯት" ብላዎታል። እርስዎ ግን ክሱን ስጠይቅዎ ሙሉውን ጽፈውልኛል። ይህንንም ሙሉውን ይጻፉልኝ።

ዴቩንግ


ኡማ ሊንጋይ፣ ሜይ 15 ቀን 2014

ልጄ ዴቩንግ፣

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፦ እናትሽ አርፋለች።

ከዚህ በታች ያለውን አሁን ማንበብ ካልቻልሽ እጠፊውና ነገ አንብቢው። ወረቀቱ ይጠብቅሻል።

ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ በሕይወት ነበረች። የጻፍኩልሽም ሁሉ እርሷ ያለችው ነው፤ ከቀለሙ በስተቀር። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ስልኩን ከያዘች ከዚያ ጠዋት በኋላ እጇ አልነሣ አላት። እኔ ጣቷን ይዤ ላትምላት ስል "ይተዉ፣ ጠማማ ሆኖ ካየችው ታውቃለች፤ ምንም ካላየች ትጠረጥር ይሆናል እንጂ አታውቅም" አለችኝ። ፈቃዷን ፈጸምኩ። ይቅር በይኝ። ፈቃዷ ከእርሷ ጋር አብቅቷል፤ ስለዚህ አሁን ሁሉን እጽፋለሁ።

ያረፈችው ሜይ ሁለት ነው፤ አንቺ ሰኞ ፈቃድ ስትጠይቂ ቀድሞ ተቀብራ ነበር። በሙቀቱ ምክንያት ልናቆያት አልቻልንም። ቱጋንግ በዚያን ሳምንት ወደ ከተማ አልወረደም፤ በሰው አፍ ልልክብሽ ደግሞ አልፈለግሁም። የመጨረሻዋን ቀን በዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ስትመጪ በቃሌ እነግርሻለሁ።

የተቀበረችው በረድፉ ውስጥ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ብነግርሽ ደስ ባለኝ። እንዴት እንደሆነ ግን ማወቅ አለብሽ።

ሰዎቹ ከአጥሩ ውጭ፣ የዘይት ዘንባባው በሚጀምርበት፣ ጉድጓዱን መቆፈር ጀምረው ነበር። ሂንጋን መጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባችና ተቀመጠች። "እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ፤ ባሌ እንደሆነ ወደዚህ አይመጣም" አለች። ሊያወጧት ሲሞክሩ ሰደበቻቸው። በመጨረሻ ላዋይ መጣ። ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ አካፋውን ከአንዱ ልጅ እጅ ወሰደና ወደ ረድፉ ሄዶ ራሱ መቆፈር ጀመረ።

ከቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ከእኔ ጋር ወደኋላ ቀረ።

"አጎቴ፣ በሰሌዳው ላይ ምን ሊሳል ነው?"

"ገና ነው" አልኩት።

"እርስዎ ከሳሉት፣ ሙሉ ሰውም ቢሆን፣ ማንም አፉን አይከፍትም። የማረን ደም አለዎት። እሷ ከሳለችው ግን ሰሌዳውን እኔ ራሴ እነቅለዋለሁ።"

"እናትየዋንስ?"

ጥቂት ተራመደ። "እናትየዋንም አወጣታለሁ። አያስጨክኑኝ፣ አጎቴ። እናቷ ኡቦንግ አዝላኝ ነው ያደግሁት። ግን ለአንዷ ከተውኩ ነገ ሁሉም ይስላል፤ ያን ጊዜ እኔ ምንድን ነኝ?" አለኝ። እያለቀሰ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ እንድትራሪለት አይደለም፤ ማስፈራራቱ ከልቡ እንደሆነ እንድታውቂ ነው።

እናትሽን አንደበቷ ሳይያዝ ጠይቄያታለሁ። "ምን ይሳልልሽ?" አልኳት። "ለዴቩንግ ይተዉላት፤ እሷ ታውቃለች" አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ "ብቻ ከጆክ አታሳጥረኝ" አለች።

ሰሌዳው ቤቴ ሥር ነው፤ ጥሩ ቤሊያን እንጨት ነው፣ ምስጥ አይነካውም። ልጬዋለሁ፣ ነጩን ኖራ ቀብቼዋለሁ፣ በእርሳስም መሃሉን ለይቻለሁ። ከዚህ በላይ እጄን አላሳረፍኩበትም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳሽ።

እኔ ብስለው ሙሉ ሰው አድርጌ እስላታለሁ። እጆቿን ከነንቅሳታቸው፣ ጆሮዎቿን ከነናሱ ቀለበት። ማንም አይነካትም፤ በረድፉ ውስጥ በሰላም ትተኛለች። ነገር ግን ያ ሥዕል ከማረን ቤት ለተራ ሴት የተሰጠ ስጦታ ይሆናል። ላዋይም ይህን ስለሚያውቅ ነው የፈቀደው። አንቺ በሥዕልሽ እነዚህ ሰዎች ሰው ለመሆን የማንንም ፈቃድ አይሹም ብለሽ ነበር፤ እኔ በእናትሽ ራስጌ ፈቃድ ሰጪ ሆኜ እቆማለሁ።

አንቺ ልትስዪው ብትወስኚ ደግሞ እስከ ጁላይ፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ለማናውቀው ጊዜ፣ መቃብሯ ያለ ሰሌዳ ይቆያል። የዝናቡ ወራት ሲመጣ አፈሩ ይሰምጣል፣ ሣሩ ይውጠዋል። ስትመጪም ስለሽ ስታቆሚው ላዋይ ይነቅለዋል፤ እናትሽም ከረድፉ ትወጣለች። እኔ በፊቱ እቆማለሁ፤ ግን ሽማግሌ ነኝ፤ ገፋ ሲያደርገኝ እወድቃለሁ።

ሐረግ ብቻ መሳልም አለ። እሱን አልጠይቅሽም።

በሸንጎው ፊት የባዶውን መቃብር ነገር ሳስረዳ መልሱን አውቀው ነበር። ይህን ግን አላውቀውም። ብዙ ጊዜ ወደ ሰሌዳው እየወረድኩ እቀመጣለሁ፤ ነጩን አያለሁ፤ እመለሳለሁ። ብሩሹን አጥቤ አስቀምጫለሁ፤ ለእኔ ይሁን ለአንቺ አላወቅሁም።

ቱጋንግ በሚመጣው ሐሙስ ከገበያው በር ላይ ይጠብቅሻል። በእጁ ላኪልኝ። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ አሁን አትችይምም። "እርስዎ" ወይም "እኔ" ብለሽ አንድ ቃል ጻፊ፤ ከሥሩም አሻራሽን አኑሪበት፣ እናትሽ ታደርገው እንደነበረው፤ ከሌላ ሰው እንዳልመጣ አውቃለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ፈጥነሽ መልሺልኝ።

አስተማሪሽ ሊሃን ባላን